የመንጋ ኃላፊው ቤት

«ዘንድሮ ግራንት የሚፈርመው ለአንድ ሰው ብቻ ነው አሉ።»

ኖኖይ ስለ ወተት እርሻው ባለቤት ስለ ግራንት የተባለችውን ይህችን ወሬ ከደረቀ ዓሣው ጋር አብሮ ያዞራት ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የመኪናውን ኋላ ከፍቶ ዓሣውን፣ ኮምጣጤውን፣ የአገር ቤቱን ብስኩት ይዘረጋል። ከየወተት እርሻው የመጡት ፊሊፒኖዎች ይከቡታል። እሱም ዓሣውን በጋዜጣ እየጠቀለለ «ለአንድ ሰው ብቻ» ይላል። ማን አለ ቢሉት መልሱ «ተባለ» ነው። ኖኖይ ከ«ተባለ» ሌላ ምንጭ ኖሮት አያውቅም።

«ለማን አሉ ታዲያ?» አለች ሚንዳ፣ ዓሣውን ወደ አፍንጫዋ እያስጠጋች።

«እኔ በምን አውቄ፣ እትዬ ሚንዳ?»

«አንተ የማታውቀው ነገር ካለ እሱ ገና አልተፈጠረም። ተናገር።»

ኖኖይ ግራ ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ዝቅ ያለው ድምፁ እስከ ደወሉ ማማ ይሰማል። «ጄሰል ናት ይባላል።»

ሚንዳ ዓሣውን መለሰችለት። «ይሄ ሸቷል።»

«ዓሣ እኮ ነው! ምን ይሽተት ብለሽ ነው?»

መልስ ሳትሰጠው ወደ መኪናዋ ሄደች። በሩን ስትዘጋው የመስታወቱ ፍሬም ተንቀጠቀጠ።

ወሬው ቀላል አልነበረም። የግራንት እርሻ የሚታለቡ ላሞች የሞሉበት ሰፊ እርሻ ነው፤ የመንጋ ኃላፊው ግን አንድ ነው። የድሮው ኃላፊ የአገሩ ልጅ ነበር፤ ባለፈው በጋ ሴት ተከትሎ ወደ ሰሜኑ ደሴት ጠፋና ቦታው ክፍት ሆነ። ኃላፊ የሆነ ሰው ደመወዙ ኢሚግሬሽን የሚጠይቀውን ልክ ያልፋል። አሠሪው ይፈርምለታል፣ እሱም ቋሚ መኖሪያ ይጠይቃል፣ ሲያገኝ ቤተሰቡን ያስመጣል። ተራ አላቢ የሆነ ሰው ግን የሥራ ፈቃዱን ሲያድስ፣ ሲያድስ፣ ሲያድስ ጥርሱ ይረግፋል። ኃላፊነቱ ደግሞ ቤትም አለው፤ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በሩ ቢጫ የተቀባ፣ ግድግዳው ላይ ማሞቂያ ያለው፣ ሁለት መኝታ ቤት ያለው ቤት። ሚንዳ አምስት ክረምት ሙሉ በዚያ በር ፊት አልፋለች። በሐሳቧ መጋረጃውን ሰቅላለች። ትንሿን ክፍል ለልጇ ለአይራ ሰጥታ አልጋዋን በመስኮቱ በኩል አድርጋላታለች።

አይራን ስትለያት ልጅቱ ገና ጫማ ማሰር ትማር ነበር። አሁን አገር ቤት ኢሎይሎ ከተማ ከሚንዳ ታናሽ እህት ከዲቪና ጋር ትኖራለች፤ በስልክ ስታወራ ድምፅዋ የትልቅ ልጅ ሆኗል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ደግሞ አዲስ ነገር አምጥታለች። ዲቪናን «እማዬ» ትላታለች፤ ሚንዳን «እማዬ ሚንዳ»። ያቺ ከኋላ የተቀጠለችው ስም ሚንዳን እንደ ዓሣ አጥንት ትጎረብጣት ነበር። ለዲቪና ምንም አልተቀጠለላትም። ለእሷ «እማዬ» ብቻውን በቅቷታል።

እና አሁን ጄሰል! ጄሰል ማን ናት? መጀመሪያ የመጣች ቀን ከላም እግር ሥር ቆማ ያለቀሰች ልጅ ናት። ጡት እንዴት እንደሚያዝ፣ ያበጠው ጡት ካላበጠው በምን እንደሚለይ፣ የምትረግጥ ላም ከመርገጧ በፊት ጆሮዋ እንዴት እንደሚሆን ያስተማረቻት ሚንዳ ናት። እንገሩን ከወተቱ ቀላቅላ ልታበላሽ ስትል እጇን የያዘቻት ሚንዳ ናት። ባሏ ሮሜል አጠገቧ ነው። በቄራው ብየዳ ይሠራል፤ ማታ እግሯን ያሽላታል። በዚያ ላይ ባለፈው ዓመት ሴት ልጅ ወልዳለች። ባል ያላት፣ ልጇ እቅፏ ውስጥ ያለች ሴት ቢጫውን በር ምን ልታደርገው ነው? ማሞቂያ ከፈለገች ሮሜል አለላት።

ሚንዳ ለራሷ እንዲህ እያለች ትስቅ ነበር።

ወደ ግራንት ሄዳ «ቦታውን ለእኔ ስጡኝ» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ሚንዳ አትጠይቅም። ዓይን ያለው ሰው ያይ፤ አምስት ዓመት አንድ ቀን ያልቀረ ሰው አፉን ከፍቶ ሊለምን ነው? ከዚህ ሌላ ደግሞ ልማዱ አለ። በእነሱ ዘንድ በእጅ ያልገባ ነገር አይወራም። ፈቃድ የጠየቀ ሰው አውሮፕላኑ ከመሬት ሳይለቅ ለገዛ እናቱ ትንፍሽ አይልም፤ ካወራው የሰው ዓይን ያርፍበታል፣ ያዝ ያደረገው ነገር ይበተናል። ስለዚህ ግራንት ወይም ሚስቱ ሄዘር «ሚንዳ፣ ምን አስበሻል?» ባሏት ቁጥር መልሷ የተዘጋጀ ነው። «አገር ቤት ቤት እየሠራሁ ነው። ጣሪያው ሲያልቅ እገባለሁ።» በእርግጥም ቤት እየሠራች ነበር። ጣሪያው ግን ካለቀ ሁለት ዓመቱ ነው።

አንድ ቀን ማለዳ በማለቢያው ቤት ላሞቹ በሚሽከረከረው መድረክ ላይ ተራ በተራ ሲዞሩ፣ ጄሰል ከጎኗ መጥታ ቆመች። ቱታዋ ደረቱ ላይ ረጥቧል፤ የእሷ ይሁን የላሞቹ ወተት አይታወቅም።

«እትዬ ሚንዳ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ?»

«ያቺን ጥቁሯን ያዢያት መጀመሪያ፤ ልትራገጥ ነው።»

ጄሰል ጥቁሯን ላም ያዘች። «ሄዘርሊንን ክርስትና ልናስነሳት ነው። ከፋሲካ በኋላ፣ በሁለተኛው እሑድ።»

የልጅቱ ስም ሄዘርሊን ነው። የአለቃን ሚስት ስም ወስደው ጅራት ቀጥለውበት። ሚንዳ ስሙን የሰማች ቀን «ወንድ ቢሆን ደግሞ ትራክተር ትሉት ነበር» ብላ ነበር፤ ሁሉም ስቀው አለፉት። ጄሰል ራሷ ስቃለች።

«ጥሩ ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች ሚንዳ፣ ዓይኗን ከላሟ ሳታነሳ።

«ክርስትና እንድታነሺልኝ ነው እኮ። አንቺና ሄዘር አብራችሁ።»

«ሄዘር?»

«የአለቃ ሚስት።»

«እሱንማ አውቃለሁ፤ ሌላ ሄዘር መቼ አለችን? እሺ አለች?»

«እንዴት ደስ እንዳላት! አለቀሰች እንኳ፣ እትዬ።»

ክርስትና ያነሳ ሰው አበልጅ ነው፤ አበልጅ ከሆነ ወዲያ ደግሞ ሥጋ ዘመድ ነው። በእሷ አገር የከንቲባው አበልጅ የሆነ ሰው ልጁ ማዘጋጃ ቤት ይቀጠራል፣ የወታደር አበልጅ የሆነ ሰው መንገድ ላይ አይቆምም። ማንም ይህን ሙስና ብሎት አያውቅም፤ ዝምድና ነው። የአለቃ ሚስት ልጅሽን ከታቀፈች ባሏ ወረቀትሽን ሳይፈርም ምን ፊት አለው? ሥራው አልቋል ማለት ነው። ለፈረንጆቹ ግን ነገሩ ኬክ ያለበት እሑድ ብቻ ሊሆን እንደሚችል ሚንዳ ለአፍታም አላሰበችም።

‹ብልጥ› አለች በሆዷ። ‹እኔ የላም ጡት ሳሳያት እሷ የምታየው የትኛውን ኖሯል?›

«እሑድ ተረኛ ነኝ» አለች ጮክ ብላ።

«እለውጥሻለሁ ይላል ሮሜል። ቄራው ዝግ ነው፣ እሱ—»

«ሮሜል ላም አልቦ ያውቃል? በብየዳ ማሽን ሊያልባቸው ነው?»

በእነሱ ዘንድ የክርስትና ልጅ እንቢ አይባልም፤ እንቢ ያለ ሰው ሕፃኑን እንደ ረገመ ነው የሚቆጠር። ሁለቱም ያውቁታል። ላሞቹ ዞሩ፤ ማሽኑ ትፍ ትፍ አለ።

«ቢያንስ ለምሳው ነይ» አለች ጄሰል በመጨረሻ፣ በቀጭን ድምፅ። «ካንቺ ሌላ እዚህ እህት የለኝም።»

ሚንዳ ሄደች። መቅረት ሽንፈት መስሎ ስለታያት እንጂ ለጄሰል አዝና አልነበረም። ብቻዋን አልባ፣ ታጥባ፣ የወተት ሽታ ከፀጉሯ አልለቅ ብሏት አዳራሹ ስትደርስ ሙሉ የአሳማ ጥብስ መሐል ጠረጴዛ ላይ ጋለል ብሎ ነበር። ሄዘር ነጭ ቀሚስ የለበሰችውን ሕፃን ታቅፋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ግራንትን ደግሞ የእነሱን የክት ሸሚዝ፣ በአናናስ ቃጫ የተሠራውን ስስ ሸሚዝ አልብሰውታል። ከስሩ የለበሰው ካናቴራ ላይ የተሳለው ትራክተር በሸሚዙ ውስጥ ወለል ብሎ ይታያል። ሰው ሁሉ ይስቃል፣ ፎቶ ይነሳል። ኖኖይ ሳህኑን እንደ ተራራ ቆልሎ በሚንዳ አጠገብ አለፈ።

«አላልኩም?» አላት እያኘከ። «አንድ ሰው ብቻ።»

«ዋጥ አድርግና አውራ። ስቡ ከአገጭህ ላይ ይንጠባጠባል።»

ግራንት ብርጭቆ አንኳኳና ንግግር አደረገ። ንግግር የማይሆንለት ሰው ነው፤ ስለ ዝናብ ጀምሮ ስለ ሣር ቀጠለ። ከዚያ ወደ ጄሰልና ሮሜል ዞሮ «የትም ብትሆኑ እናንተ ቤተሰባችን ናችሁ» አለ። ጄሰል አለቀሰች። ሚንዳ ከንግግሩ ሁሉ «ቤተሰባችን» የምትለዋን ብቻ ይዛ ቀረች። አምስት ዓመት ሠርታ ለእሷ የተሰጣት ስም «ጎበዝ ሠራተኛ» ነው። ጎበዝ ሠራተኛ! ውሻውንም ጎበዝ ነው የሚሉት።

ምሳው ሲጋመስ ግራንት ሳህኑን ይዞ ወደ እሷ መጣ።

«ብቻሽን አልበሽ ነው የመጣሽው አሉኝ።»

«ሁሉም እዚህ ነበሩ፣ አለቃ። ላሞቹ ደግሞ ክርስትና አልተጠሩም።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሥጋውን በሹካ ወዲያ ወዲህ አደረገ። «ያ ቤትሽስ? ጣሪያው እንዴት ሆነ?»

እዚያ ላይ ነበር ነገሩ። አፏ ላይ የነበረውን እውነቱን ብትለው፣ ጣሪያው ካለቀ ቆየ፣ እኔ የምፈልገው እዚህ መኖር ነው፣ ልጄ እናቷን ልትረሳ ነው ብትለው፣ ሁለት አረፍተ ነገር ነበር። ግን ከትከሻው በላይ ጄሰል ታየቻት። የሄዘር ክንድ ወገቧ ላይ ተጠምጥሟል፤ ሕፃኗ በሁለቱ መሐል ሆና የሄዘርን የአንገት ሐብል ትጎትታለች። ሚንዳ አገጯን ቀና አደረገች።

«ሊያልቅ ነው» አለች። «ከዚያ እገባለሁ።»

«በእርግጥ ወስነሻል?»

«ምን ቀረኝ እዚህ?»

ግራንት ሳህኑን አየ። «እኔማ አንድ ነገር አስቤ ነበር… ግን ቤትሽ ከሆነ፣ ቤትሽ ነው። ሐሳብሽን ብትቀይሪ ንገሪኝ፣ እሺ?»

ከዚያ ወደ ሰዎቹ ተመለሰ። ሚንዳ ‹ሐሳብሽን ብትቀይሪ› የሚለውን ማታ እስክትተኛ አላመጠችው። ትርጉሙ ለእሷ ግልጽ ነበር፤ ነይና ለምኚኝ ማለት ነው። ቦታውን ለአበልጁ ሰጥቶ፣ ለእሷ የጄሰልን ትእዛዝ እየተቀበለች የምትኖርበትን ፍርፋሪ ሊሰጣት ነው። ጄሰል ቆማ «እትዬ ሚንዳ፣ ያቺን ጥቁሯን ያዢልኝ» ስትላት በዓይነ ሕሊናዋ አየቻት። በትሕትና ነው የምትላት። ትሕትናዋ ነው ከሁሉ የሚያንገበግበው።

ማግስቱን ከወንዙ ማዶ እርሻ ላለው ለስቱዋርት ደወለችለት።

ስቱዋርት አጭር ሰው ነው፤ በቁመትም በንግግርም። «ኃላፊ አለኝ» አላት ሳይጠየቅ። «የምፈልገው አላቢ ነው። ደመወዙ ያው የአላቢ ነው። ዓመት ሁለት ዓመት ሠርተሽ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።»

«ግድ የለም፤ አላቢ ነኝ» አለችው።

ፈረመች። ፈቃዷ በግራንት ስም የታሰረ ስለነበር በስቱዋርት ስም እንዲዛወርላት ማመልከቻውን አስገባች፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። የምታደርገውን ታውቃለች። በዚህ ደመወዝ ኢሚግሬሽን ዞር ብሎ እንደማያያት፣ የአይራ አልጋ በመስኮቱ በኩል እንደማይሆን ታውቃለች። ቢሆንም ፊርማዋን ስታሳርፍ ደስ የሚል፣ ጥርስን ገጭ የሚያደርግ ነገር ተሰማት። ጄሰል ቢጫውን በር ስትከፍት ሚንዳ ቆማ አታጨበጭብላትም። ለዚያች ደስታ የከፈለችው ሁሉ በዚያን ሰዓት ርካሽ መሰላት።

ለግራንት ስትነግረው ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «አገር ቤት የምትገቢ መስሎኝ?»

«ጥቂት ልሥራና ነው።»

«እኔ ዘንድ ምን ጎደለብሽ?»

«ምንም።»

ጠበቃት። አንድ ቃል ቢጨመርለት ቀሪውን ራሱ የሚለው ይመስል ነበር። ሚንዳ ግን ቦት ጫማዋን ስታጥብ ቀና አላለችም፤ እሱም ኮፍያውን መልሶ አጠለቀና ሄደ።

እሑድ ለአይራ ደወለች።

«መቼ ነው የምትወስጂኝ?»

«ትንሽ ታገሽ። ሥራ ልቀይር ነው።»

«የተሻለ ነው?»

«ቅርብ ነው፤ ከወንዝ ማዶ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም እኮ» አለች ልጅቱ። ከበስተኋላዋ ሰው ጠራት። «እሺ በቃ፣ እማዬ ሚንዳ። እማዬ እየጠራችኝ ነው።»

በዚያ አገር ሰኔ ሲገባ ላሞች ይነጥፋሉ፤ ላሞች ሲነጥፉ ደግሞ የእርሻ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይለቃል። ዓመቱን አንድ እርሻ የሠራ ወደ ሌላው ይዛወራል። መንገዱ ፍራሽ በጫነ፣ ውሻ ባሰረ፣ የዶሮ ቤት በሚጎትት መኪና ይሞላል። ከዚያ ቀን አስቀድሞ ባለው ሳምንት ሚንዳ በጄሰል ቤት ደጅ ካርቶኖች ሲደረደሩ አየች። ሮሜል የሕፃኗን አልጋ ፈታትቶ በገመድ ሲያስር አየች። ‹ወደ ቢጫው በር› አለች በሆዷ። ‹ማሞቂያው ጎን ሊያቆሙት ነው።›

በመጨረሻው ቀን በቀትር ጄሰል መጥታ የሚንዳን በር አንኳኳች። ሚንዳ ከመጋረጃው ጀርባ አየቻት። ሕፃኗን አዝላ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ድስት ይዛለች፤ የሩዝ ኬክ ሳይሆን አይቀርም። ልታጽናናኝ ነው የመጣች፣ አለች ሚንዳ በሆዷ። ባለ ቦታዋ ቦታ ላጣችው ምግብ ይዛ መጣች። ሬዲዮውን አጥፍታ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ ትንፋሽዋን እንኳ ቀነሰች።

«እትዬ ሚንዳ? መኪናሽ ቆሟል እኮ። እትዬ?»

ሕፃኗ አንድ ነገር አለች። ጄሰል ጥቂት ቆመች። ከዚያ የእግሯ ኮቴ በጠጠሩ ላይ ራቀ። ሚንዳ በሩን ስትከፍተው ድስቱ ደረጃው ላይ ነበር። ሳትገልጠው ለጎረቤቷ አሳማዎች ሰጠችው።

በመዛወሪያው ቀን ኖኖይ ዕቃዋን በመኪናው ሊያደርስላት መጣ። ዝናቡ ያካፋል። በቢጫው በር በኩል ሲያልፉ ሚንዳ ላለማየት ወሰነች፤ ግን አየች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ደጁ ላይ ፍራሽ ቆሟል። ፍራሹን የያዘው ሮሜል አልነበረም። ረዥም፣ ጠቆር ያለ፣ ሹራብ የደረበ ሰው ነው፤ ሁለት ልጆች ከኋላው ይንጫጫሉ፣ ሚስቱ ከውስጥ የሆነ ነገር ትጮኽበታለች።

«አቁም» አለችው ኖኖይን።

ሰውየው ፍራሹን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እጁን ዘረጋላት። ስሙ ሩዋን ነው፣ ከስሪላንካ። ካንተርበሪ በሚባል አውራጃ ይሠራ እንደነበር፣ አዲሱ የመንጋ ኃላፊ እሱ እንደሆነ ነገራት። «ወንበር አልረሳሽም? ውስጥ አንድ ወንበር አለ» አላት በትሕትና፣ የድሮዋ ነዋሪ መስላው።

«የእኔ አይደለም» አለች ሚንዳ።

ኖኖይ መኪናውን አስነሣ።

ሚንዳ ቁልፏን ለማስረከብ ወደ ሄዘር ወጥ ቤት ስትገባ ሄዘር ሻይ እየቀዳች ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል። «ሁለታችሁም በአንድ ቀን» አለች፣ ኩባያውን እየገፋችላት። «ቤቱ ጭር አለብኝ።»

«ሁለታችን ማንና ማን?»

«አንቺና ጄሰል ነዋ። ማለዳ ወደ አየር ማረፊያው ወሰድኳቸው። ሄዘርሊን መንገዱን ሁሉ ተኛች።»

ሚንዳ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እጇ ከቁልፉ ላይ አልነሣ አላት። «ወዴት?»

«ባሕር ማዶ፣ ኩዊንስላንድ። ሮሜልን ለብየዳ አንድ ድርጅት ወሰደው፤ ለሁለቱም ይፈርማል። አልነገረችሽም? ትናንት ልነግራት ነው ብላኝ ነበር። እንዳትናገሩ ብላ አስምላን እኮ ነው፤ አውሮፕላን ሳይነሣ አይወራም አለችኝ፣ የአገራችሁ ልማድ ነው መሰለኝ። ክርስትናውንም ያን ያህል ያቻኮልነው ሳይሄዱ ብለን ነው።» ሄዘር ቁልፉን ከጣቶቿ ሥር ቀስ ብላ ወሰደችው። «እኛማ ጄሰል እንደምትሄድ ያወቅነው ለገና ነው።»